ካርዳን የሚባለው ሰው

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ያደገ ሰው ሁሉ ካርዳን የሚለውን ቃል በልጅነቱ ሰምቶታል። መኪና በመንገድ ላይ ተገትራ፣ ተሳፋሪው ከዛፍ ጥላ ሥር ተኮልኩሎ፣ ሾፌሩ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተንጋሎ ሲታይ፣ ምን ነካት ብሎ ለሚጠይቅ መንገደኛ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ወይ ካርዳኗ ወልቋል፣ ወይ ክሮቸራዋ ተበልቷል። ቃሉን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ካርዳን የሰው ስም መሆኑን፣ ያም ሰው እናትና አባት፣ ልጅና መከራ የነበረው መሆኑን የሚያውቅ ስንት ነው? እኔም እስከ ሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ ድረስ አላውቅም ነበር። እንዳውቅ ያደረገኝ የአጎቴ ላንድሮቨር ነው።

አጎቴ ቢቸና ላይ አንዲት አሮጌ ባለ ረጅም ሻንሲ ላንድሮቨር አለችው። ዋናውን መንገድ ለትልልቆቹ መኪናዎች ትታ፣ እህልና ሰው ጭና ወደየገጠሩ ገበያ የምትገባ ናት። ክረምት ዋልካው ሲረጥብ የሰው እግር እንኳ ይዞ እንደሚያስቀር ያገሬ ልጅ ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ሐምሌ፣ ከእንዲህ ያለው ጭቃ ለመውጣት ስትታገል የኋላ ዲፈረንሻሏ ጥርሱ ረገፈ። አጎቴ ጥንድ በሬ ሸጦ ከአዲስ አበባ አንድ ሙሉ የኋላ ዲፈረንሻል ከነአካሉ አስመጣ። ዕቃው ደኅና ነበር። ባሌስትራው ላይ ተቀመጠ፤ ጎማው ገጠመ፤ ፍሬኑም ገጠመ። ካርዳኑ ግን ረዘመ። የመጣው ዲፈረንሻል ሳልስበሪ የሚባለው ዓይነት ኖሮ፣ አፍንጫው ከቀድሞው ይልቅ ወደ ፊት ስለ ወጣ ለካርዳኑ የቀረው ቦታ ጠበበ። ስለዚህ ቱቦውን አስቆርጠን፣ አሳጥረን፣ መልሰን አስበየድነው። በያጁ ሲበይድ አንዱን ጫፍ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ የምሕንድስና ተማሪ ነው ተብዬ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ትንሽ ፍጥነት በጨመረች ቁጥር እንደ ወባ በሽተኛ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ክሮቸራ በላች። ሦስተኛው የተሰበረው ወደ ሞጣ በሚወስድ አንድ አቀበት ላይ፣ እኔን ጨምሮ አሥር ሰው ተሳፍሮባት ሳለ ነው። አጎቴ በእግር ፍሬን አቆማትና የእጅ ፍሬኑን ስቦ ሊወርድ ሲል ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። የዚህ ዓይነት ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማውን በቀጥታ አይዝም፤ የሚይዘው ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን ከበሮ ነው፤ ከበሮውም ጎማውን የሚገታው በካርዳኑ በኩል ነው። ካርዳኑ ከተበጠሰ የእጅ ፍሬኑ ባዶ ይይዛል። ከመካከላችን አንድ ሰው ዘሎ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወተፈ። ከበስተኋላችን ያለውን ገደል ሁላችንም ዞረን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው።

የተሰበረውን ካርዳን ፈትተን አወጣንና በፊት ጎማ ብቻ እያስጎተትን ሞጣ ደረስን። አጎቴ ከዚያ በላይ የሚያወጣው ገንዘብ ስላልነበረው መኪናዋ ሞጣ ላይ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ እኔም መስከረም ሲጠባ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለስኩ። ጥፋቴን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የፈለግሁት የካርዳንን አሠራር ነበር፤ አስቀድሜ ያገኘሁት ግን ሰውየውን ነው።

የጋራዣችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ የምንለው የጭነት መኪና ስም እንኳ ፊያት 634 ከሚለው ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የወጣ ነው። ክሮቸራ መስቀል ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የተገኘ ሲሆን ዕቃውም እውነት መስቀል ነው፤ አራት ክንድ ያለው ትንሽ የብረት መስቀል። ጠላት በ1928 ዓ.ም. በመኪና ገባ፤ በላይ ዘለቀን የመሰሉ አርበኞች በቢቸና ዱርና ገደል መግቢያ መውጫ አሳጡት፤ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ቃሉ ግን ከነመኪናው ቀረ።

ጄሮላሞ ካርዳኖ የተወለደው በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 24 ቀን 1501 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው በፓቪያ ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን ዐፄ ናዖድ ነግሠው የነበረበት ዘመን ነው። አባቱ ፋዚዮ የሚላኖ ጠበቃ ሲሆን፣ በጂኦሜትሪ ዕውቀቱ የተነሣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንኳ ያማክረው ነበር። እናቱ ኪያራ የሦስት ልጆች እናት የሆነች መበለት ነበረች። ሁለቱ በሕግ አልተጋቡም። ሚላኖ ላይ ወረርሽኝ ገብቶ ስለ ነበረ ነፍሰ ጡሯ ወደ ፓቪያ ሸሸች፤ ሦስቱ ልጆቿ በወረርሽኙ አለቁ። ካርዳኖ የተወለደው በዚህ ኀዘን መካከል ነው፤ ከተወለደም በኋላ ዲቃላ የሚለው ስም ተከተለው። አባትና እናቱ ኋላ ቢጋቡም ስሙ አልለቀቀውም።

አባቱ ሕግ እንዲማር ቢፈልግም እርሱ ሕክምና መረጠ። በፓቪያ ጀመረ፤ ጦርነት የዩኒቨርሲቲውን ደጅ ስላዘጋ ወደ ፓዶቫ ተሻገረ። አባቱ የተውለትን ጥቂት ገንዘብ ቶሎ ጨረሰና ኑሮውን በቁማር ይደግፍ ጀመር፤ በካርታ፣ በዳይስ፣ በሰንጠረዥ። ከተቃዋሚዎቹ የሚለየው ሲጫወት ማሰቡ ነው። አንድ ዳይስ ሲወረወር ምን ያህል ጊዜ ምን ሊወጣ እንደሚችል ቆጥሮ ያውቅ ነበር። ይህን የቁማር ሒሳብ በመጽሐፍ ጻፈው፤ መጽሐፉ የታተመው ግን እርሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1663 ነው። ዛሬ ፕሮባቢሊቲ እያልን ፈተና የምንወድቅበት ትምህርት አንዱ ምንጩ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለዚህ መጽሔት አንባቢ የሚጥም ነገር አለ። በዚያ ዘመን በኢጣልያ ዩኒቨርሲቲዎች ሬክተር የሚባለው ሹም ከተማሪዎች መካከል በተማሪዎች ድምፅ የሚመረጥ ነበር። ካርዳኖም ለፓዶቫ ሬክተርነት ተወዳደረ። ጠባየ ሸካራ ነበር፤ ያሰበውን ሳያለዝብ የሚናገር ስለ ሆነ ወዳጁ ጥቂት ነው። ሆኖም ተመረጠ፤ ያሸነፈውም በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። በኅብረታችን ምርጫ በጥቂት ድምፅ ተሸንፈው እስከ ዛሬ የሚያኮርፉ ወንድሞች ይህችን ያንብቡልኝ።

በ1526 የሕክምና ዶክተር ሆኖ ሚላኖ ለመሥራት ቢጠይቅ የከተማይቱ የሐኪሞች ማኅበር አልቀበልህም አለው። ምክንያቱ ትምህርቱ አይደለም፤ ልደቱ ነው። ከሕጋዊ ጋብቻ ያልተወለደ ሰው በማኅበሩ አይገባም ተባለ። ስለዚህ ፓዶቫ አጠገብ ሳኮ በምትባል ትንሽ ቦታ የገጠር ሐኪም ሆኖ ተቀመጠ፤ በ1531 ሉቺያ የተባለች የጎረቤት ልጅ አገባ። ወደ ጋላራቴ ተዛወረ፤ እንጀራ አላገኘም። ቁማሩን እንደ ገና ያዘ፤ የሚስቱን ጌጥና የቤቱን ዕቃ በመያዣ ሰጥቶ ተጫወተ፤ ተበላ። በመጨረሻ ይህ ትልቅ ሊቅ ሚስቱን ይዞ ሚላኖ ውስጥ ከድኾች መጠጊያ ቤት ገባ። የኛ ሰው ሲቸገር ዘመድ ቤት ይጠጋል፤ እርሱ ያም አልነበረውም።

ያነሣው የአባቱ ወዳጅነት ነው። አባቱ ያስተምርበት የነበረውን የሒሳብ መምህርነት ሰጡት። በጎን ደግሞ ያለ ፈቃድ ሕመምተኛ ማየት ጀመረ፤ ሕመምተኞቹም ዳኑ። ዝናው እያደገ ሲሄድ ያልተቀበሉትን ሐኪሞች ስሕተት የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። እንዲህ ያለ ጥበብ የጎደለው ሥራ ማንም ወዳጁ አይመክረውም፤ ቢሆንም ታላላቆቹ ቤቶች እየጠሩት ስለ ሄዱ ማኅበሩ ደንቡን አሻሽሎ በ1539 ተቀበለው።

በዚያው ዓመት የሕይወቱን ትልቅ ክርክር የሚወልድ ነገር ሆነ። በሒሳብ ባለ ሦስተኛ ደረጃ እኩልታ የሚባለውን የሚፈታ ጠቅላላ ዘዴ ለብዙ ዘመን ያልተገኘ ነበር። በልጅነቱ በጦርነት ወታደር መንጋጋውን በሰይፍ ስለ መታው ኮልታፋ ሆኖ የቀረ፣ ታርታሊያ የሚባል የቬኒስ መምህር ዘዴውን አግኝቶ ነበር። ካርዳኖ ለመነው፤ ደጋግሞ ለመነው። ታርታሊያም ለማንም እንዳይገልጽ አስምሎ ነገረው። ካርዳኖ ግን በ1543 ፌራሪ ከሚባለው ደቀ መዝሙሩ ጋራ ወደ ቦሎኛ ሄዶ፣ ዴል ፌሮ የሚባል አስቀድሞ የሞተ መምህር ያንኑ ዘዴ ከታርታሊያ በፊት ጽፎት እንደ ነበረ በዓይኑ አየ። ምስጢሩ የታርታሊያ ብቻ ካልሆነ መሐላው አያስረኝም አለና በ1545 አርስ ማኛ በተባለው መጽሐፉ አወጣው። ፌራሪ የደረሰበትንም የባለ አራተኛ ደረጃውን መፍትሔ አብሮ አወጣ። ፌራሪ በ14 ዓመቱ ለሎሌነት ወደ ካርዳኖ ቤት የገባ ልጅ ነበር፤ ሎሌውን ሊቅ ያደረገው ካርዳኖ ነው።

መሐላ አፍርሷል? እኔ አፍርሷል እላለሁ። ቦሎኛ ድረስ መሄዱ ራሱ ከመሐላው ማምለጫ መፈለግ ይመስለኛል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ የዴል ፌሮንም የታርታሊያንም ስም ጠርቶ፣ የግኝቱ ባለቤቶች እነርሱ መሆናቸውን መስክሯል። የሰው ሐሳብ ሰርቆ በስሙ ያወጣ አይደለም። ታርታሊያ እስኪሞት አልማረውም። ዓለም ደግሞ በኋላ ያንን ዘዴ የካርዳኖ ፎርሙላ ብሎ ጠራው። ባለቤቱ ይህ ነው ብሎ እየጮኸ የሰጠውን መልሰው በእርሱ ላይ ጫኑት።

በ1552 እስከ ስኮትላንድ ተጠርቶ ሄደ። የቅዱስ እንድርያስ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ጆን ሃሚልተን በአስም በሽታ ታፍኖ ሊሞት ደርሶ ነበር። ካርዳኖ ሕመምተኛውን ሲመረምር ብዙ ቀን ቆየና፣ ከመድኃኒት ይልቅ አመጋገቡንና አኗኗሩን ለወጠ፤ የላባ ፍራሽና ትራሱንም አስወገደ። ሊቀ ጳጳሱ ዳነ። ላባ አስም እንደሚቀሰቅስ ዛሬ የሚያስተምሩን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ካርዳኖ ብዙ ወርቅ ይዞ ተመለሰ፤ በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ስሙ ያልተሰማበት ቦታ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኀዘን ነው። ታላቁ ልጁ ጆቫኒ ባቲስታ፣ እርሱም ሐኪም የነበረ፣ በ1557 አባቱ ያልወደዳትን ሴት አገባ። ቤታቸው በጠብ ፈረሰ፤ ልጁ ሚስቱን መርዝ አብልቶ ገደለና ተያዘ። ዳኛው ከሟች ቤተሰብ ጋራ ከታረቃችሁ ነፍሱ ይተርፋል አለ፤ እንደኛ አገር የደም ካሣ መሆኑ ነው። የሟች ወገኖች ግን ካርዳኖ ሊከፍለው የማይችለውን ገንዘብ ጠየቁ። የሊቀ ጳጳስ ነፍስ ያዳነው ሐኪም የልጁን ነፍስ መዋጀት አቃተው። በኤፕሪል 13 ቀን 1560 ልጁ አንገቱን ተቈረጠ። አባት ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አልሄደም። ሚላኖን ትቶ በ1562 የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሆነ። ታናሹ ልጁም ቁማርተኛ ወጥቶ አባቱን እስከ መስረቅ ደረሰ፤ ይህን ልጅ ቁማር ማን አስተማረው ብሎ መጠየቅ ለካርዳኖ ከባድ ነበር።

በ1570 የሃይማኖት መርማሪዎች አሰሩት። የክርስቶስን ኮከብ ቆጥሯል የሚል ክስ እንደ ነበረ ይነገራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከወኅኒ ቢወጣም ማስተማር ተከለከለ። ወደ ሮማ ሄደ፤ እዚያ የሮማው ፓፓ ጡረታ ቆረጠለት። በመጨረሻው ዘመኑ የገዛ ሕይወቱን ታሪክ ጻፈ፤ በዚያ መጽሐፍ ሐሜተኛ ጠላቱ እንኳ ሊጽፍበት የማይችለውን ነውር ሁሉ በራሱ ላይ ጽፏል። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1576፣ 75 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሮማ ላይ ሞተ። በአገራችን የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት ነበር።

አሁን የአንባቢው ጥያቄ ይገባኛል፤ ሐኪም፣ የሒሳብ ሊቅ፣ ቁማርተኛ፣ እስረኛ፤ ካርዳኑ የት አለ? ያለው በ1550 ባሳተመውና ስለ ብዙ የተፈጥሮና የጥበብ ሥራ በሚናገረው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ በገቡ ቀለበቶች ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ወይም መብራት፣ ሠረገላው ወይም መርከቡ ምን ቢንገላታ ሳያዘነብል እንደሚቀመጥ ገልጿል። ቀለበቶቹ እርስ በርሳቸው በመስቀለኛ የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ያጋደለውን ሌላው ያቃናዋል። ይህ ነገር ከካርዳኖ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በጥንቶቹ ግሪኮችም በቻይናም የታወቀ ነበር፤ እርሱም የፈጠርኩት እኔ ነኝ አላለም። ኃይል ከሞተር ወደ ጎማ ስለሚያስተላልፍ ዘንግ የጻፈው ነገር የለም፤ በዘመኑ ሞተርም የለም። ሆኖም በ1664 ጋስፓር ሾት የሚባል የጀርመን ካህን ሁለት ሹካና አንድ መስቀል ያለውን መጋጠሚያ በመጽሐፉ ሲገልጽ ነገሩን ወደ ካርዳኖ ቀለበቶች አስጠጋው፤ ስሙም እንደዚያው ጸና።

ሾት አንድ ስሕተት ሠርቷል። በዚህ መጋጠሚያ የተያያዙ ሁለት ዘንጎች ምንጊዜም እኩል ይዞራሉ ብሎ አስቧል። እኔም በያጁ ዘንድ ቆሜ ካርዳኑን ስይዝ እንዲሁ ነበር የማስበው።

እውነቱን የገለጸው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው፤ በ1676፣ ካርዳኖ ከሞተ ልክ በ100ኛው ዓመት። ሁክ መጋጠሚያውን የፈለገው ለመኪና አይደለም፤ ፀሐይን ለሚመለከት መሣሪያ ነው። ሲመረምረው ግን ዘንጎቹ ጎበጥ ብለው በማዕዘን ከተገናኙ አንደኛው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ሁለተኛው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ በአንድ ዙር ውስጥ ይህ ሁለት ጊዜ ይሆናል። ልኩ የማዕዘኑ ኮሳይን ነው። ካምቢዮው በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢያዞርና መጋጠሚያው 20 ዲግሪ ቢጎብጥ፣ ከወዲያ በኩል ያለው ዘንግ በ940 እና በ1064 መካከል እየተወዛወዘ ይዞራል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሁለተኛ መጋጠሚያ መጨመር ነው፤ አንደኛው ያፈጠነውን ሁለተኛው ያዘገየዋል፤ ዲፈረንሻሉ ዘንድ ሲደርስ ዙሩ እኩል ይሆናል። ለዚህ ነው ካርዳን ሁለት ክሮቸራ ያለው።

ነገር ግን ሁለት ግዴታ አለ። በካርዳኑ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት ሹካዎች በአንድ ሜዳ ላይ የተዘረጉ መሆን አለባቸው፤ ሁለቱ ክሮቸራዎችም የሚጎብጡበት ማዕዘን እኩል መሆን አለበት። አንደኛው ሹካ ከሌላው በሩብ ዙር ቢዛባ ሁለተኛው መጋጠሚያ የመጀመሪያውን ስሕተት በማጥፋት ፈንታ ያበዛዋል፤ ያ ከ940 እስከ 1064 የነበረው ውዝዋዜ ከ883 እስከ 1132 ይሆናል። ክሮቸራ የሚበላው፣ መኪና የሚንቀጠቀጠው ይህ ነው። ይህን ስሌት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በወረቀት ላይ ስጨርስ፣ ቱቦው ተቈርጦ ሲበየድ ሹካዎቹን በዓይኔ አስተካክዬ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። በዓይኔ!

ወደ አውቶሞቢል ያገባው ደግሞ እንደኛው ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ክላረንስ ስፓይሰር በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ በሠራት መኪና ላይ በጊዜው ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ሰንሰለት ትቶ ዘንግና ሁለት መጋጠሚያ አደረገ፤ በ1903 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1904 እየሠራ መሸጥ ጀመረ። የኛ ሳልስበሪ ዲፈረንሻል እንኳ በአሠራሩ የዚያው የስፓይሰር ቤት ዘመድ ነው። የእርሱ ስም ግን በቢቸና አይታወቅም።

በጥር ለዕረፍት ስመለስ አጎቴና እኔ መኪናዋ ወዳለችበት ወደ ሞጣ ሄድን፤ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክም አሳየናት። ሰውየው ስለ ሁክ ሰምተው አያውቁም። ካርዳኑን መሬት ላይ አጋደሙት፤ በአንደኛው ጫፍ ተንበርክከው እንደ ጠመንጃ አፈ ሙዝ አነጣጠሩበትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሹካዎቹ ሩብ ዙር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ተዛብተው ነበር። እኔ ሦስት ወር የፈጀብኝን እርሳቸው ትንባሆ ለማሸተት የሚበቃ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ያደረጉትንም ነገር ለዕቃ ቀያሪ ሁሉ ይጠቅማልና እጽፈዋለሁ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ ከነጭነቷ አቁመው ከካምቢዮው ፍላንጅ እስከ ዲፈረንሻሉ ፍላንጅ በሜትር ለኩ። ካርዳኑ በመካከሉ ጥርስ ያለው ተንሸራታች ቦታ አለው፤ ባሌስትራው ሲረግጥና ሲነሣ ካርዳኑ የሚያጥርና የሚረዝምበት ነው። ርዝመቱ የሚቈረጠው ይህ ተንሸራታች ከመካከል ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነው፤ እስከ ውስጥ ገብቶ ከቆመ ካምቢዮውን ይገፋል፣ ብዙ ከወጣ ደግሞ በጉድጓድ ላይ ሊለያይ ይችላል። ቀጥለው የአሮጌውንና የአዲሱን ፍላንጅ የቡሎን ቀዳዳ አስተያዩ፤ የክሮቸራውን ክንድና ቆብ በካሊፐር ለኩ፤ በዓይን አንድ የሚመስል ክሮቸራ በሚሊሜትር ይለያያልና። ከዚያ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ አዩ። አፍንጫው ከካምቢዮው ፍላንጅ ጋራ ትይዩ እንጂ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ መሆን የለበትም፤ የኛው አንጋጦ ነበር፤ በባሌስትራው መቀመጫ ላይ ያለውን አስተካከሉት።

የመጨረሻው እኔ ጨርሶ ያላሰብኩት ነው። አንዱን የኋላ ጎማ መሬት ላይ ትተው ሌላውን በክሪክ አነሡና፣ የተነሣውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር ብለው እኔን አዘዙኝ፤ ራሳቸው ከሥር ሆነው የዲፈረንሻሉን ፍላንጅ ዙር ቈጠሩ። አምስት ሊሞላ ሩብ ያህል የቀረው መጣ፤ የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ልክ 4.7 ነውና ከፊተኛው ዲፈረንሻል ጋራ ገጠመ። በኋላ ዘመን የመጡት 3.54 የሆኑም አሉ። ከነዚያ አንዱ ቢሆን ኖሮ አራቱንም ጎማ አስይዘን በደረቅ መንገድ ስንሄድ ፊትና ኋላው እየተጓተቱ አንዱ ሌላውን ይሰብረው ነበር። አጎቴ ይህን ሲሰማ ለበሬዎቹ አምላኩን አመሰገነ፤ የተረፈው በዕውቀት ሳይሆን በዕድል ነበርና።

ካርዳኑ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሄዶ ሹካዎቹ ተቃንተው፣ ቱቦው በቶርኖው ላይ እየዞረ ተስተካክሎ እንደ ገና ተበየደ። ሽማግሌው ተንሸራታቹን ከማገጣጠማቸው በፊት በሁለቱም ወገን አንድ የኖራ መሥመር አሰመሩበት፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ሲፈታው አንድ ጥርስ ዘልሎ እንዳይመልሰው በማለት፣ ኖራው እንዳይጠፋ በመሮ ደግመው ነቀሱት። ስንሠራ ካርዳን የሰው ስም መሆኑን ነገርኳቸው። አገሩ የት እንደ ሆነ፣ ጋራዥ ነበረው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሐኪም እንደ ነበረ ስነግራቸው ሳቁ። ልጅ ነበረው ወይ አሉ፤ የልጁን ነገር ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ግራሱን አቀብለኝ አሉኝ።